የግራው ጡት

እናቴ ታናሽ ወንድሜን ማጥባት ያቆመች ቀን፣ እኔ የተጣሉ ነበር የመሰለኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ዕድሜ ሰው ከሰው የሚርቀው ሲኳረፍ ብቻ ነው። እኔም ከጎረቤት ልጆች ጋር እንደዚያ ስለነበርኩ፣ እናቴና ወንድሜም በሆነ ነገር ተቀያይመዋል ብዬ ደመደምኩ። ነክሷት ይሆን? ጥርስ እንኳ አላወጣም። ታዲያ ምን ቢያደርጋት ነው?

ያን ቀን ጠዋት ከአባቴ ጋር ሐኪም ቤት ሄዳ ነበር። ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ መኝታ ክፍል ገባች፤ ደረቷን በሰፊ ጨርቅ ጥፍንግ አድርጋ አሰረችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወንድሜ ጮኸ። አልዞረችም። ጩኸቱ ሲብስ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተናደደች መስሎኝ በሩ ላይ ቆሜ በፍርሃት፣ “እማዬ፣ ርቦት ነው እኮ” አልኳት።

“አውቃለሁ” አለች፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ።

አባቴ ጎሚስታ ነበር። ቤታችን ሁለት ክፍል ሆኖ፣ ከፊቱ ወደ መንገዱ የተከፈተው የአባቴ መሥሪያ ነው። ደጃፉ ላይ አሮጌ ጎማዎች እንደ ግንብ ተደራርበው ይቆማሉ፤ አጠገባቸው ውሃ የሞላው ግማሽ በርሜል አለ። የተነፈሰ ጎማ ሲመጣለት ይነፋውና ውሃው ውስጥ እያሽከረከረ ይነክረዋል፤ አረፋ ከአንድ ቦታ ቡልቅ ቡልቅ ሲል በአውራ ጣቱ ጭምቅ አድርጎ “ይኸው ሌባው!” ይላል። እጁ እንደ አካፋ ሰፊ ነው፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁረት በምንም ሳሙና አይለቅም። ሰው ሲቀልድበት፣ “ይሄ ቆሻሻ አይደለም፣ የመሥሪያ ቤት ማህተም ነው” ይል ነበር።

እኔን “እሜቴ” ነው የሚለኝ። ወንድሜ ሲወለድ ደግሞ “አለቃ” ብሎ ሰየመውና በአንቱታ ያናግረው ጀመር። “አለቃ ነቁ? አለቃ፣ ዛሬ ጠባይዎ ከፋ፤ ሠራተኛ ሊለቅብዎት ነው።” እናቴ በዚህ ስትስቅ ቤቱ ይሞላ ነበር። ያን ቀን ግን አባቴ አለቃን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ሲያደርግ አልቀለደም።

“ነይ እሜቴ፣ ጡጦ ልንገዛ ነው” አለኝ።

መድኃኒት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሻጯ ጡጦውን ካወጣች በኋላ፣ አፉ ላይ የሚገጠሙትን ጎማዎች መስታወቱ ላይ ደረደረችልን። ጡጦ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አንዳንዱ ጫፍ የማር መልክ አለው፣ አንዳንዱ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ አጭር አለ፣ ሾጣጣ አለ፣ እንደ ደወል ሥሩ የሰፋ አለ። አባቴ አለቃን ወደ ግራ ክንዱ አዛውሮ በቀኝ እጁ ያገላብጣቸው ጀመር። ሳበ። ጨመቀ። አሸተተ ሁሉ። በመጨረሻ ወፍራሙንና ጠንካራውን አነሳ።

“ይሄ ይበረክታል።”

“እሱ ከፍ ላለ ልጅ ነው” አለች ሻጯ። “የርስዎ ስንት ወሩ ነው?”

“ሦስት ወሩ ነው። ግን ጉልበተኛ ነው፣ ያሸንፈዋል።”

“ለጭነት መኪና እኮ አይደለም የሚገዙት!”

“እመቤት፣ ጎማ ጎማ ነው” አለ አባቴ። “እኔ ጎማ ላይ ነው ያደግኩት።”

የምር ነበር የሚናገረው። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ቀን አንድ የሚያውቀው ነገር አጥብቆ መያዝ የፈለገ ይመስለኛል።

ቤት ገብተን የዱቄት ወተቱን በጥብጦ ሰጠው። አለቃ ጎማውን በድዱ ያዘ፣ ሳበ፣ እንደገና ሳበ፤ ጉንጩ ወደ ውስጥ ጎደጎደ፤ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ፤ ከዚያ ለቆት ቤቱን በጩኸት አናጋው። ወተቱ ከነበረበት አልጎደለም። አባቴ አላበው። “ገባኝ፣ ቀዳዳው ጠቦ ነው” አለና መርፌ በእሳት አግሎ የጎማውን ጫፍ ወጋው። ዕድሜውን ሙሉ ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ቀዳዳ አሰፋ።

ወተቱ እንደ ቧንቧ ፈሰሰ። አለቃ አንዴ ዋጠ፣ ሁለቴ ዋጠ፣ ከዚያ ትን አለው። ጩኸቱ ቁርጥ አለ። ከንፈሩ ሲጠቁር አየሁ። አባቴ “አለቃ? አለቃ?” ይላል፤ ድምፁ የሱ አይመስልም። እናቴ ከመኝታ ክፍሉ ዘላ ወጣች። እኔ የሮጥኩት ወደ ጎረቤታችን ነበር።

ጎረቤታችንን ሁሉም ሰው “ሲስተር” ነው የሚላቸው። አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ የሰፈሩን ልጅ ግማሹን በእጃቸው ስለተቀበሉ ትልቁንም ትንሹንም ይቆጡታል። ጠርቻቸው ሳልጨርስ ገብተው ሕፃኑን ከአባቴ እጅ ነጠቁ፣ በሆዱ ክንዳቸው ላይ አስተኙት፣ ራሱን ዝቅ አድርገው በመዳፋቸው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ወተቱ በአፉም በአፍንጫውም ወጣ። ከዚያ አለቀሰ።

“እሰይ! አልቅስ የኔ ጌታ፣ አልቅስ!” አሉ ሲስተር።

እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሲስተር ጡጦውን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘቀዘቁት።

“ይሄን ማነው የበሳው?”

“እኔ ነኝ” አለ አባቴ። “አልወጣ ብሎት ነው… ጎማው…”

“ልጁ እንዲጠጣ ነው ወይስ እንዲዋኝ የፈለግኸው? ደግሞ ጎማ አትበለው! ጎማ ስትለው ነው የተሳሳትከው። ለሱ እኮ ጡቱ ነው። ጡት በለው።”

“እሺ ሲስተር። ጡት እለዋለሁ።”

ሰው ቤት እንዲህ ዓይነት ድንጋጤ ሲገባ ቃል ይተክላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኛ ቤት ያ ነገር ጡት ሆነ፤ “ጡቱን እጠቢ”፣ “ጡቱን አምጪ”፣ “ጡቱ ቀዝቅዟል?” መባባል ጀመርን። ነገሩ ሁሉ የተደበላለቀብኝም ከዚህች ቃል ነው።

ሲስተር ራሳቸው መድኃኒት ቤት ሄደው ሁለት ጡት ይዘው መጡ፤ አንዱ የማር መልክ ያለው፣ አንዱ የጠራ፣ ሁለቱም ለስላሳ፣ ቀዳዳቸው የመርፌ ጫፍ የምታህል። ጡጦውን ሞልተው ዘቀዘቁትና አባቴንም እኔንም ጠርተው አሳዩን።

“እዩ። ጠብ… ጠብ… ጠብ። እንዲህ ነው የሚፈለገው። ዥው ካለ ያንቀዋል፤ ጭራሽ ካልወጣ ደግሞ አየር ሲስብ ውሎ ሆዱን ይነፋዋል። ሲያድግ በራሱ ጊዜ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ይገዛለታል። መርፌ የሚባል ነገር እዚህ ቤት ለልብስ ብቻ ነው፤ ተግባባን?”

“ተግባብተናል” አለ አባቴ። አንገቱን እንደ ተማሪ ደፍቶ ነበር።

ከዚያ አጠባውን አስተማሩን። ልጁ ጠጥቶ እንደጨረሰ ወተቱ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። ጡቱ እንደ ካልሲ ይገለበጥና ውስጡ በሳሙና ይታሻል፤ ውሃ ተሞልቶ ሲጨመቅ በቀዳዳው ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። ከዚያ ተቀቅሎ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደረደራል። ከመገጠሙ በፊት ደግሞ ይመረመራል፤ ካበጠ፣ ካጣበቀ፣ መልኩ ከተለወጠ፣ ሲሳብ ትንሽ ስንጥቅ ካሳየ አለቀለት። “አዘኔታ የለም” አሉ ሲስተር። “ይቆረጥና ይጣላል። የተበላሸ ጡት ቢወዱትም አይጠገንም። ቁራጩ ልጁ ጉሮሮ ይገባል።”

“ምርመራውን ማን ይሥራ?” አለ አባቴ።

ሲስተር እኔን አዩኝ። “ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። ዓይን ግን የልጅ ነው። ይቺ ትመርምር።”

እንዲህ ሆኜ ተሾምኩ። ከዚያ ቀደም ብዙ ነገር ተሰጥቶኝ ያውቃል፤ ሥልጣን ግን ተሰጥቶኝ አያውቅም። ወጥ ቤታችን ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ። የማር መልክ ያለውን በግራ፣ የጠራውን በቀኝ አስቀምጣለሁ፤ ቦታቸውን ማንም እንዲለውጥ አልፈቅድም። አለቃ የግራውን ይወደው ነበር፤ ሲያገኘው ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማል። አባቴ ከሥራ ሲገባ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠብና እነዚያን ወፋፍራም ጣቶቹን ወደ ላይ ዘርግቶ እንደ ሐኪም ይመጣል። “እሜቴ፣ ፈቃድ ይሰጠን?” ይላል። እኔ እስባለሁ፣ ወደ ብርሃን አያለሁ፣ “ግራው ደህና ነው” እላለሁ።

እናቴ ይሄን ሁሉ ከአልጋዋ ትሰማለች። አለቃን አታቅፈውም። አባቴ ካጠገበው በኋላ ወስዶ ሲያስተኛላት በአንድ ጣቷ ጸጉሩን ትነካካዋለች፣ ከዚያ ትዞራለች። ኩርፊያው እንደጸና ነው አልኩ በልቤ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጨርቄን እያነጠፍኩ ሳለ፣ አባቴና ሲስተር በመስኮቱ ውጪ ጓሮ ቆመው ሲነጋገሩ ሰማሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል። ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ልጅን እንደ ፉጨት ይጠራል።

“የግራው ብቻ ነው አሉ?” አሉ ሲስተር።

“የግራው ብቻ ነው። ግን ጡቱን ማትረፍ አይቻልም አሉ። መቆረጥ አለበት። ከዘገየ ይዛመታል።”

“እሷስ ምን አለች?”

“‘አይነካም’ አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፤ ‘አይነካም’ ብቻ ነው መልሷ። ‘ልጄ ሳይጠግበው’ ትላለች።”

“ቀኑ ይሄዳል እኮ፣ ልጄ። እንዲህ ያለው ነገር አይጠብቅም።”

አባቴ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁና ጉንፋን ይዞታል አልኩ።

ክው ብዬ ቀረሁ። የግራው! እኔ የመረመርኩት! አንስቼ ሳብኩት፣ ገለበጥኩት፣ ፀሐዩ ላይ ዘረጋሁት። ምንም የለውም። ግን ሐኪሞች ከተናገሩ፣ እኔ ያላየሁት ነገር ይኖራል ማለት ነው። ወደ ቀኙም ሊዛመት ነው። እናቴ ደግሞ አለቃ ስለሚወደው “አይነካም” ብላለች፤ ለካ ኩርፊያ አልነበረም፣ በዚህ ነው ያዘነችው። ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ሁለቱንም ጡቶች በጨርቁ ጠቅልዬ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባሁ።

መጋረጃው ተዘግቶ ክፍሉ ቡናማ ብርሃን ነበረው። አለቃ አልጋው ላይ ተኝቷል፤ እናቴ ጉልበቷን አቅፋ አጠገቡ ተቀምጣለች።

“እማዬ፣ ሰማሁ” አልኳት።

“ምን ሰማሽ?”

“ጡቱ ሊቆረጥ ነው አሉ። የግራው።”

እጇ ወደ ደረቷ ሄደ። “ማነው የነገረሽ?”

“ማንም። አባባና ሲስተር ሲያወሩ ሰምቼ ነው። አንቺ ‘አይነካም’ ብለሻል አሉ።”

ፊቷን ወደ መጋረጃው አዞረች። እኔ ግን ሹመት ነበረኝና አልጋው ላይ ወጥቼ ቀረብኳት።

“እኔም አሳዝኖኛል። አለቃ በጣም ይወደዋል። ግን እማዬ፣ የተበላሸ ጡት ቢወዱትም አይጠገንም። መቆረጥ ነው ያለበት። ካልተቆረጠ የሚጎዳው ጡቱ አይደለም እኮ፣ ልጁ ነው።”

“ልጁ?”

“ልጁ ነዋ! ጡትማ ምን ይሆናል?”

እናቴ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ ትልቅ ሰው እንደምትጠይቅ፣ “ከተቆረጠስ በኋላ? አለቃ ምን ይለኛል?” አለችኝ።

“ምንም አይልሽም። ቀኙ አለ። ቀኙም ባይኖር አባባ ሌላ ያመጣል። አለቃ ሲጠጣ እኮ ጡቱን አያየውም። ፊት ነው የሚያየው። አባባን ዓይን ዓይኑን ነው የሚያየው፤ አይተሽው አታውቂም? አንቺ ብትይዢው አንቺን ያያል።”

እንድታምነኝ ጨርቁን ፈታሁና ሁለቱን ጡቶች ፊቷ አስቀመጥኩ። “ይኸው፣ ግራው ይሄ ነው።”

እናቴ ጡቶቹን አየች። እኔን አየች። እንደገና ጡቶቹን አየች። አፏን በመዳፏ ያዘች፣ አልቻለችም፤ ሳቋ ፈነዳ። ያን የጠፋ ሳቅ ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ጎትታ በቀኝ ጎኗ እቅፍ አደረገችኝና ጸጉሬ ውስጥ ሳቀች፣ ጸጉሬ ውስጥ አለቀሰች። አባቴ ከውጪ ሮጦ ገብቶ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ።

“ምን ተፈጠረ?”

“ሐኪሙን ንገረው” አለችው እናቴ እንባዋን እየጠረገች። “እሄዳለሁ። ይቆረጥ።”

አባቴ በሩን ተደግፎ ወረደና እንደ ልጅ ቁጭ አለ። ስለ አንድ የጡጦ ጡት ይሄ ሁሉ መሆኑ ገረመኝ።

እውነቱን የነገረችኝ እናቴ ራሷ ናት፣ እኔ ልጅ ለመውለድ በደረስኩበት ዓመት። ጡቷ ውስጥ የነበረውን እብጠት ያገኘችው ስታጠባ ነው፤ መጀመሪያ ወተት የቋጠረ መስሏት ነበር። ሐኪሙ ማጥባቱን እንድታቆምና ቶሎ እንድትታከም ሲነግራት፣ ማጥባቱን አቆመች፤ መቆረጡን ግን እምቢ አለች። በሰፈሩ አንዲት ሴት ለዚሁ ሄዳ አልተመለሰችም። ከዚያም በላይ ደግሞ፣ “ልጄ ገና ሦስት ወሩ ነው፣ ጡት የሌለኝ ምን እናት ነኝ አልኩ” አለችኝ። “አባትሽ ለመነኝ፣ ሲስተር ገሠጹኝ። ሐኪሙም አንቺም የነገራችሁኝ አንድ ነገር ነው። ግን ሐኪሙ ሲናገር ስለ ጡቴ ነበር የምሰማው። አንቺ ስትናገሪ ስለ ልጄ ሰማሁ።”

“ይቆረጥ” ባለች በማግስቱ እናቴ ከአክስቴ ጋር ሆስፒታል ሄደች። እኔ የሄደችው የማይበላሽ ጡት ፍለጋ መስሎኝ፣ “ለስላሳውን ምረጪ! ቀዳዳው እንዳይሰፋ!” ብዬ ከደጃፉ ጮህኩላት። እጇን አወዛወዘችልኝ።

ከዚያ በኋላ አባቴ አለቃን መሥሪያው ውስጥ ነው የሚያጠባው፤ ተደራርበው ከቆሙት ጎማዎች ላይ ተቀምጦ፣ ንጹሕ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ። ጎማ የፈነዳበት ሰው መጥቶ ሲቸኩል፣ “አለቃ ምሳ ላይ ናቸው፣ ይጠብቁ” ይለዋል። የሚያኮርፍ አልነበረም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጢሙ ደረቱ የደረሰ ሰውዬ፣ ወረፋ ሲጠብቅ አጎንብሶ አለቃን ሲያይ ቆይቶ፣ “ጡጦውን ከፍ አድርገው፣ ጡቱ በወተት ይሙላ፤ አለበለዚያ ነፋስ ይገባዋል” አለው። አባቴ በመገረም ቀና ሲል፣ “አምስት አሳድጌአለሁ” አለና ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ መኪናው ሄደ። ሲስተር ከሥራ መልስ ብቅ እያሉ የአጠባውን ድስት ክዳን ያነሳሉ፤ ዝም ካሉ አመሰገኑን ማለት ነው።

አንድ ቀን አባቴ ከሆስፒታል ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እጁን ታጠበ፣ ታጠበ፣ እንደገና ታጠበ። እኔ በበኩሌ፣ እናቴ አዲስ እስክታመጣ ለብቻው ያስቀመጥኩትን የግራውን ጡት እየሳብኩ ሳለ አንገቱ ላይ የፀጉር ክር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። ሳብኩት፤ ስንጥቋ አፏን ከፈተች።

“አባባ! ይኸው ሌባው!”

አባቴ መጣና በብርሃኑ አየው። መቀስ አነሳ። ሊቆርጠው ያዘና እጁ ቆመ፤ መቀሱ አፉን ከፍቶ እዚያው ቀረ። ከዚያ ሁለት ላይ ቆረጠው፣ አራት ላይ ቆረጠው፣ መቀሱን አስቀመጠና ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

“አይዞህ አባባ” አልኩት። “ቀኙ አለ።”

“አዎ እሜቴ” አለኝ ከፎጣው ውስጥ። “ጥሩ ጡት ነበር። ሥራውን ሠርቷል።”

ቀዶ ሕክምናው አልቆ፣ በሽታው ወደ ሌላ ቦታ አልፎ እንደሆነ የሚነግራቸውን ውጤት ይጠባበቁ እንደነበር የት አውቄ! ቁርጥራጮቹን ጠርጌ ሳልጨርስ አክስቴ ከሆስፒታል እየሮጠች መጣች። መሐረቧ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ከደጃፉ ነው የጮኸችው፤

“ንጹሕ ነው! ንጹሕ ነው አሉ!”

ተቆጣሁ። “ንጹሕ ነዋ! እኔ አጥቤው፣ አባባ ቀቅሎት!” አልኳት፣ የቀረውን ጡት ከነጨርቁ አንስቼ፣ አባቴን ተከትዬ ወደ መሥሪያው ወጥቼ እያሳየኋት።

አክስቴ አባቴን አየችው፣ አባቴ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ሁለቱም ተቃቅፈው እየሳቁ ጎማዎቹ ላይ ወደቁ። አባቴ ብድግ አደረገኝና ጣራው እስኪነካኝ ወረወረኝ። “አንቺ ያጠብሽው ነዋ! አንቺ ያጠብሽው ነው እሜቴ!” ይል ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የተመሰገንኩበት ሥራ ኖሮኝ አያውቅም። የማይገባኝ ምስጋና እንደነበር ካወቅኩ በኋላም ቢሆን አልመለስኩትም፤ ለሲስተር፣ ለዚያ ስሙን ለማላውቀው ቀዶ ሐኪም፣ ጢማሙን ሹፌር ሳይቀር፣ በልቤ አካፈልኩት።

እናቴ ስትመለስ ቀጥናለች። ጨርቁን ከደረቷ ፈትታ ሰፊ ሹራብ ለብሳለች። ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ነጩን ጨርቅ፣ ድስቱን፣ አዲሱን ጡት። ከዚያ እጇን ለአለቃ ዘረጋች። አለቃ አላወቃትም። ፊቱን አኮማትሮ አያትና አባቴ አንገት ውስጥ ተሸጉጦ እሪ አለ።

እናቴ እጇን አጠፈች። “እውነቱን ነው” አለች። “እኔ ነኝ መጀመሪያ የዞርኩበት።”

“ርቧቸው ነው” አለ አባቴ ፈጠን ብሎ። “አለቃ ሲርባቸው ንጉሥም አያውቁ።”

ጡጦውን ይዤላት ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ፣ ከጠረጴዛዬ ጎን ካለው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ ሥራውን አስተማርኳት። ዘቅዝቃ እንድታይ አደረግኩ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። በእጅ አንጓዋ ላይ አንድ ጠብታ ጥላ ሙቀቱን እንድትለካ። ጡቱን አፉ ውስጥ እንዳትገፋ፣ ከንፈሩን ነካ ነካ አድርጋ እሱ ራሱ እስኪፈልገው እንድትጠብቅ። ሁለታችንን የወለደች እናቴ ትንፋሿን ውጣ ታዳምጠኛለች፤ “እንዲህ?” ትላለች፣ “ከፍ ላድርገው?” ትላለች።

አባቴ አለቃን አቀበላት። አለቃ ተንፈራገጠ፣ አለቀሰ፤ ጡቱ ከንፈሩን ሲነካው ዝም አለ። ያዘው። ሳበ። ወተቱ ውስጥ ትንንሽ አረፋዎች ሽቅብ ወጡ። መጀመሪያ ጣራውን አየ፣ ከዚያ መስኮቱን አየ፣ ከዚያ ዓይኑ ተንከራትቶ ተንከራትቶ የእናቴ ፊት ላይ አረፈና እዚያው ቀረ።

“አላልኩሽም?” አልኳት።

እሷም ዓይኗን ከሱ አላነሳችም። አባቴ ከበሩ፣ “በቃ፣ አለቃ ሠራተኛ ቀየሩ። እኔ ሥራ ፈት ሆንኩ” አለ፤ ግን ወደ መሥሪያው አልሄደም።

ጠጥቶ ሲጨርስ እንቅልፍ ወሰደው። እናቴ ጡጦውን ሰጠችኝና አለቃን በቀስታ ወደ ግራ ጎኗ አዛወረችው፤ ጆሮው ከሹራቧ ላይ አረፈ። እዚያ በኩል ሹራቡ ወደ ውስጥ ሰርጎ ነበር። የአለቃ ራስ ልክ የተሠራለት ቦታ እንዳገኘ ገባበት። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

“አሁን ይበልጥ ቀርቦኛል” አለች።

ጠረጴዛው ተጠጋኝ ማለቷ ስለመሰለኝ፣ እንዲመቻት ብዬ ወዲያ ሳብ አደረግኩላት።